ለማንም አንሰለፍም

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ የስካውቱን ድንኳኖች አውጥተን አናፈስን። አናፈስን ይባላል… ነፋሱ ራሱ በቀዳዳው እየገባ እየወጣ ሲጫወትባቸው ዋለ እንጂ። የቀበሮ ቡድን ድንኳን አንድ ጎኑ እንዳለ ተቀዷል። ሰፋሁት፣ እንደገና ተተረተረ። ጨርቁ አርጅቶ ክር መያዝ አቅቶታል። መጋቢት ላይ ካምፕ አለን፤ ዝናቡም መጋቢት ላይ አይቀርም።

ልጆቹ ግን ግድም አልሰጣቸው። መጋዘናችን ውስጥ የገመድ ቋጠሮ ሲወዳደሩ ዋሉ። የእህቴ ልጅ የንስር ቡድን መሪ ከሆነች ወዲህ ረዝማለች… ወይስ አንገቷን ማቅናት ጀምራ ነው?

ኮምፓስ ካርታ አስተማረ። የእህቴ ባል ነው፤ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ስካውቱን ከእኔ ጋር ሲመራ ዘጠኝ ዓመቱ። ኮምፓስ ያልነው መንገድ ስለሚያውቅ አይደለም። አምና ልጆቹን ይዞ ጫካ ገባ፤ ዞሮ ዞሮ በራሳችን ካምፕ ጀርባ ብቅ አለና "ሌላ ካምፕ አገኘን!" ብሎ ፊሽካ ነፋ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ይኸው ሆነ።

ስንለያይ "እትዬ፣ ለድንኳኑ ነገር አንድ መላ አለኝ" አለ። ምን መላ? "በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግርሻለሁ።"

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

የምሠራበት የሆስፒታሉ ራጅ ክፍል ሲጨናነቅ ዋለ። ትንፋሽ ያዙ… ተንፍሱ… ትንፋሽ ያዙ… አንዱን ሽማግሌ ተንፍሱ ማለት ረስቼ ፊታቸው ቀላ። ሐሳቤ የኮምፓስ መላ ላይ ነበር። የእሱን መላ ሳስብ ያመኛል።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

ደሜ ፈልቷል።

የመሰላል ምልክት ፓርቲ እጩ ስታዲየም ሊመጡ ነው። ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ስካርፋቸውን አስረው፣ በሩ ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሰላምታ ይሰጣሉ። በማግስቱ አዲስ ድንኳን ይመጣል፣ ለሁሉም ቡድን። ይኸው ነው መላው!

"እንዴት ተደርጎ!" አልኩ።

"እትዬ፣ ድንኳን ፓርቲ የለውም።"

"ፓርቲ ከሌለው ያለ ሰልፍ ለምን አይሰጡንም?"

"ሰልፍ አይደለም፣ አቀባበል ነው።"

"አቀባበል ካማራቸው ዘመዶቻቸው ይቀበሏቸው!"

ይህ ሁሉ በልጆቹ ፊት ነው። ስካውት በዩኒፎርሙ የፓርቲ ሰልፍ አይወጣም። ከእኔ በፊት የነበሩት መሪ እኔን ያስተማሩኝ፣ እኔም እሱን ያስተማርኩት መጀመሪያ ይህንን ነው። እሱ ግን ምን አለ? "አንቺ የቁልፍ ፓርቲ ደጋፊ ስለሆንሽ ነው!"

ነኝ ታዲያ። መቼ ደብቄ አውቃለሁ? መኪናዬ የኋላ መስታወት ላይ የቁልፍ ምልክት ተለጥፏል፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። እሱ ሌላ ይሄ ሌላ። ልጆቼን ማንም የምርጫ ጌጥ አያደርጋቸውም። እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም።

የካቲት 11፣ እሁድ

እህቴ ደወለች። የእሁዱ ምሳ ቀረ። "ባሌን በልጅ ፊት አዋረድሽው" አለች። እሱስ እኔን? ስጠይቃት "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ብላ ዘጋችብኝ።

ምን ማለቷ ነው? ምን አረረብኝ?

የካቲት 14፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ የሰፈራችንን የጋራዥ ባለቤት ልጅ አገኘሁት፣ የጉጉት ቡድን መሪ ነው። ዝምተኛ ልጅ። ጭማቂ ጋበዝኩትና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ትናንት የቀበሮዋን መሪ አስረድቻለሁ። የእህቴን ልጅ ደግሞ በስልክ… እናቷ እንዳትሰማ።

ቅስቀሳ አይደለም። ማስረዳት ነው። መሪያቸው አይደለሁ እንዴ?

ልጁ ጭማቂውን እስከ ጠብታው ጨርሶ "አመሰግናለሁ መሪ" አለና ሄደ። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

የወላጆች ስብሰባ። ስብሰባ ከተባለ! ግማሹ መሰላል፣ ግማሹ ቁልፍ፣ የቀረው ደግሞ "ልጄን በስንት ሰዓት ልውሰድ?" የሚል። አንዲት እናት ተነስታ "ታዲያ ልጄ በዝናብ ይበስብስ?" አለች። አንጀቴን በላችው።

ኮምፓስ በመጨረሻ "እንግዲያው የሚመጡትን ልጆች ይዤ እኔ እሄዳለሁ" አለ። እንዲህ ካደረገ ስካውቱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። የመሰላል ስካውት፣ የቁልፍ ስካውት… ቡድኖቹስ? በአንድ ድንኳን አብሮ የተኛውን ልጅ ማን ይለየዋል?

ያኔ ነው ተነስቼ "ሸንጎ ይቀመጥ!" ያልኩት።

ሸንጎ የአራቱ ቡድን መሪዎች ነው፣ የልጆቹ ብቻ። ትልቅ ሰው ካልተጠራ አይገባም። ከተጠራም ቆሞ፣ ሦስት ጣቱን አንስቶ፣ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ሦስት ጣት ተነስቶ አይዋሽም። ሸንጎ የወሰነውን ደግሞ መሪም ቢሆን ይፈጽማል። እስከ ዛሬ የዳኘው የጠፋ መጥረቢያና የሳህን አጠባ ተራ ነበር፤ ቢሆንም ሸንጎ ሸንጎ ነው።

"ለልጆች ልትጥዪው ነው?" አለ ኮምፓስ።

"ፈራህ?"

እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን ይላል? እሺ አለ።

የካቲት 21፣ ረቡዕ

እናሸንፋለን። አውቃለሁ። ሦስቱን አስረድቻቸዋለሁ።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ ኮምፓስን ጠሩት። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወጣ። ወይ ጉድ፣ ምን ብለውት ይሆን? ብዬ ሳልጨርስ እኔን ጠሩኝ።

የእህቴ ልጅ መሃል ተቀምጣለች። "መሪ፣ ይግቡ። እዚህ ይቁሙ።" ይግቡ! ዳይፐር የቀየርኩላት ልጅ! እቤት "አክስትዬ" ነው የምትለኝ። ሦስት ጣቴን አነሳሁ። ከሌሊት ጀምሬ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ… ማንም ንግግር አልጠየቀኝም።

የጋራዡ ልጅ ብቻ እጁን አወጣ። "መሪ፣ የሚመጡት እጩ የቁልፍ ቢሆኑ ኖሮ ያሰልፉን ነበር?"



"አላሰልፍም" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። አንድ ቃል እኮ ናት! ግን ጣቶቼ ተነስተዋል። የእኔን ሰው በዓይነ ልቡናዬ አየኋቸው፣ በበሩ ሲገቡ… ልጆቼ ቀጥ ብለው፣ ስካርፋቸው ተተኩሶ… አዲሱ ድንኳን… ደስ አለኝ! ሳስበው ብቻ ደስ አለኝ።

"አዎ" አልኩ። "አንድ ምክንያት ፈልጌ አሰልፋችሁ ነበር።"

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። "እናመሰግናለን፣ ይውጡ" አለችኝ የእህቴ ልጅ።

ውሳኔውን ለሁላችንም ውጭ አነበበችው። ስካውቱ ለማንም እጩ አይሰለፍም፤ ለመሰላልም፣ ለቁልፍም፣ ነገ ለሚመጣም። እሰይ! ልል አፌን ስከፍት ቀጠለች። ሸንጎ ከመቀመጡ በፊት የቡድን መሪን ማባበል ነውር ነው፤ አንደኛዋ መሪ ጭማቂ ጋብዘዋል፣ ሁለተኛው መሪ ኳስ ገዝተዋል…

ኳስ! ዞር ብዬ ኮምፓስን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። አጅሬ!

ስለዚህ ሁለቱም ምርጫው እስኪያልፍ ፊሽካቸውን ያስረክባሉ። በካምፑም ድስት ያጥባሉ። አብረው።

የካቲት 25፣ እሁድ

ድስት! እኔን!

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልልቀቅ? ስካርፌን አጣጥፌ ልስጣቸውና ይወቁት? ደግሞስ እውነት በተናገርኩ ነው የተቀጣሁት? አይደለም… በጭማቂው ነው። እሱም ቢሆን ያው ነው።

እህቴ ደወለች። መናገር እስኪያቅታት ሳቀች። "ባሌ ከተጋባን ድስት ነክቶ አያውቅም፣ በሞቴ ፎቶ አንሺልኝ!" ምን እንዳረረብኝ ገባኝ እንግዲህ። አልነገርኳትም እንጂ።

አለቅም። ብለቅ ማን ደስ ሊለው! ፊሽካዬን ወሰዱ፣ እግሬን አልወሰዱ። አጥባለሁ።

የካቲት 28፣ ረቡዕ

የሆስፒታላችን የላቦራቶሪ ሰው የቁልፍ ፓርቲ የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ሻይ ስንጠጣ "መሰላሎች ስካውት አጡ አሉ፣ እውነት ነው?" አለኝ። እውነት ነው አልኩ። ልጆቹ እንዴት እምቢ እንዳሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። "ጀግኖች!" ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታው ሻዩ ፈሰሰ።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የተጠየቅኩትን ጥያቄ ነገርኩት? … አልነገርኩትም። የድስቱንም።

መጋቢት 1፣ ቅዳሜ

አንገቴ ያለ ፊሽካ ቀለለኝ። ልጆቹ ራሳቸው ሰበሰቡ፣ ራሳቸው በተኑ። ከሁሉ የገረመኝ በሰዓቱ መጨረሳቸው ነው፣ እኛ ጨርሰን አናውቅም።

መኪናዬን ከመጋዘኑ አጥር ራቅ አድርጌ አቆምኩ። የቁልፉን ምልክት አልላጥኩትም። መኪናው የኔ ነው፣ ድምፄም የኔ ነው። ግን ራቅ አድርጌ አቆምኩ።

መጋቢት 9፣ እሁድ

ከካምፕ አሁን ገባሁ። እስከ አጥንቴ ርሻለሁ፣ ጫማዬ ጭቃ ተሞልቷል። ሳልረሳው ልጻፍ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ኮምፓስና እኔ ድስት ላይ ነበርን። ሩዙ አሮ ሥሩ ላይ ተጣብቋል። እሱ በማንኪያ ይፍቃል፣ እኔ በአሸዋ እፈገፍጋለሁ፣ አፋችን ደግሞ ሥራ አልፈታም። "መሰላል ታክስ ይቀንሳል።" "አዎ፣ የሀብታሙን!" "አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" "ኢንሹራንስ ሻጭ ሊያስተምረኝ ነው?" ስንት ቀን የተጠራቀመ ነገር ነበረን።

በዚህ መሃል ፒክአፕ መጣ። የላቦራቶሪው ሰው ወረደ፣ ካሜራ የያዘ ወጣት ተከትሎታል። ከኋላ አዲስ ድንኳኖች ተጭነዋል፣ ባለ ሁለት ሽፋን፣ አንጸባራቂ። እያንዳንዱ ላይ ትልቅ ቁልፍ ታትሟል። "መሰላልን እምቢ ላሉ ጀግኖች፣ ከኮሚቴያችን!" አለ። የሚፈልገው አንድ ፎቶ ነው፤ ልጆቹ ድንኳኑ ፊት ተሰልፈው።

የኔ ሥራ ነው ይሄ። ሻይ ላይ በአፌ ያመጣሁት።

የእህቴ ልጅ የቡድን መሪዎቹን ሰብስባ ዛፉ ሥር ሄደች። ሰውየው ግን ልጆቹን ትቶ ወደ እኔ መጣ። "ይንገሯቸው እንጂ! መሪያቸው እርስዎ አይደሉ? የእኛው ሰው ነዎት እኮ!"

ሰማዩ ጠቁሯል። የቀበሮ ቡድን ትንሿ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ታስላለች። ልቤ እሺ በያቸው አለኝ። እዚህ ማንን እዋሻለሁ? አለኝ! የኔ ሰዎች ናቸው፣ ድንኳኑ ደረቅ ነው፣ ፎቶ ምን አላት… ኮምፓስ ማንኪያውን አቁሞ ያየኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሸንጎውን ይጠይቁ" አልኩ። "እኔ ድስት አጣቢ ነኝ።"

ኮምፓስን ሳቅ ትን አለው። ሰውየው ወደ እሱ ዞረ። "እኔም" አለ ኮምፓስ፣ ማንኪያውን ከፍ አድርጎ።

ልጆቹ ከዛፉ ሥር ተመለሱ። የጋራዡ ልጅ ነው የተናገረው፣ ያው በዚያች ቀስታው። "ድንኳኖቹ በጣም ጥሩ ናቸው። እናመሰግናለን። ከምርጫው በኋላ ያምጡልን።"

"ከምርጫው በኋላማ…" አለና ሰውየው ቆመ።

ቆመ በቃ! የሚጨርስበት ቃል አጣ። ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ካሜራ የያዘው ወጣትም አብሮ ሳቀ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ "እንዲህ ነው ያሳደጓቸው?" አለኝ። "አዎ፣ እንዲህ ነው!" አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ።

ፒክአፑ ሄደ፣ ዝናቡ መጣ። እንዴት ያለ ዝናብ! ሁለት ድንኳን ወደቀ። የምታስለውን ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪናዬ ውስጥ አስተኛኋት፤ ኮምፓስ ጃኬቱን ደረበላት። የቀሩት አንዱን ድንኳን በሌላው ላይ ደርበው፣ እላይ በላይ ሆነው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ዘፈኑ። አንድም ልጅ ወደ ቤት ውሰዱኝ አላለም።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

የላቦራቶሪው ሰው ኮሪደር ላይ ግድግዳውን እያየ አለፈኝ። ከሰዓት ኮሚቴው ደወለ። በምርጫው ቀን የቁልፍ ታዛቢ ሆኜ ልቀመጥላቸው ነበር፤ "ሌላ ሰው አግኝተናል" አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ መጣ። እኔን! በፀሐይ በሐሩር ወረቀት ስበትንላቸው የከረምኩትን!

ይሁና። ድምፄን ለቁልፍ ነው የምሰጠው፣ ቢወዱም ባይወዱም። ኮምፓስም ለመሰላል ይስጥ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። እሁድ ለምሳ ተጠርቻለሁ፤ እዚያ እንተላለቃለን።

የጋራዡ ልጅ ያንን ጥያቄ ዛሬ ቢደግምልኝስ? ሦስት ጣቴን አንስቼ "አላሰልፍም" እላለሁ? መሰለኝ… እርግጠኛ ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ብዕሩ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ተሰለፉ ብላቸውም አይሰለፉልኝም።

እሰይ! የኔ ልጆች!