ፀሐይ ያሳሳታቸው ጆይስቲኮች

እህት ዓለሜ፣

እጃቸው ለማይታዘዝላቸው እናትሽ የብረት ክንድ ከሚሰጡት ሰዎች ዘንድ ለፈተና ቀርቤ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አቀረቡልኝ። ከልጆች የቪዲዮ ጌም ያገኘናቸውን፣ ጫፋቸው ላይ ካሜራ ያላቸውን ሁለቱን ጆይስቲኮች ግራና ቀኝ ተከልኳቸው። ብርጭቆው ላይ የለጠፍኳትን፣ የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን የምትሰጥ አምፖል ከሁለት በኩል አይተው ቦታዋን ለብረት ክንዱ ሊነግሩት ነው። ክንዱ ግን ብርጭቆውን ትቶ ወደ መስኮቱ ተዘረጋ!

"እናቴ፣ ምን ነካው?" አለ የሚፈትነኝ ኢንጂነር። "አንዴ ይድገሙት። ካልያዘ ግን ክንዱን ልንሰጥዎት አንችልም።"

እናትሽ ያለ ሰው እጅ ውሃ የሚጠጡባት ቀን ልታመልጠን ነው ብዬ ክው አልኩ። ደገምኩት። ክንዱ አሁንም ሲዞር ብርጭቆውን ሊገለብጠው ሆነ። ልይዘው ዘልዬ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። ያኔ ክንዱ ቀጥ ብሎ ተመለሰና ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አነሳው።

ለካ ጆይስቲኮቹ ፀሐይዋ አምፖሏ መስላቸው ኖሯል! መስኮት በሌለው ጓዳሽ ስንሠራ ፀሐይን ማን አስቧት? ክንዱ ብርጭቆውን እስኪያስቀምጠው ፀሐይዋን ጋርጄ እንደ ምሰሶ ተገትሬ ቀረሁ።

"እርስዎም የማሽኑ ክፍል ነዎት እንዴ?" ሲል ኢንጂነሩ ሳቀብኝ።

"መጋረጃው ነኝ" አልኩት።

ክንዱን ፈቀዱልን። የምጽፍበት ካርድ ቦታው አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእናትሽ መኝታ ቤት ወፍራም መጋረጃ ስፊ። ስመጣ ብርጭቆውን አንቺ ትሞይዋለሽ፤ ከዚያ ግን እጅሽን ሰብሰብ አድርገሽ ተቀመጪ።

ናፋቂሽ