ከምንጫችን በላይ የመጡት አጥኚዎች

ልጄ ማኅሌት፣ አሸተን ማርያም ባለሽበት አገር በጥላዋ ትሸፍንሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱ አሽቷል፣ ላሟም ወልዳለች። እኔ ግን ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም።

እዚህ ብልባላ ወርቅ አለ ብለው አጥኚዎች መጥተው ከምንጫችን በላይ ያለውን መሬት እየቦረቦሩት ነው። አባትሽ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። "ከዚህ ጥፉ!" ሲሉ ከመካከላቸው እየሩስ የምትባል ልጅ፣ "አባባ፣ እኛ ወርቅ አናወጣም፤ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን አጥንተን እንጽፋለን። ባንኩ ያንን አይቶ ነው ለኩባንያው የሚያበድረው" አለቻቸው። አንቺም በሰው አገር የምትሠሪው ይኼንኑ መሆኑ ያኔ ገባኝ። አባትሽን ለምኜ መለስኳቸውና ልጅቷን እጇን ይዤ ምንጩ ዘንድ ወሰድኳት። ሴቶቹ ሲቀዱ፣ ከብቶቹ ሲጠጡ አየች።

"ይኼ ቢደርቅ ወዴት ትሄዳላችሁ?" አለችኝ።

"እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር" አልኳት።

በማግስቱ መጥታ፣ "እማማ፣ ምንጩን ጥናቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አለቃዬ ግን አልወደደውም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። የጻፈችውን እንዳለ ይተዉት ይሆን ይሰርዙት አላውቅም፤ መኪና በሰማሁ ቁጥር እየወጣሁ አያለሁ።

አንድ ነገር እሺ በይኝ ልጄ። በምታጠኚው መሬት ላይ ሰው ካለ፣ ከመጻፍሽ በፊት ሄደሽ አጠገቡ ተቀመጪ። አለቃሽ ተቆጥቶ ከሥራ ቢያስወጣሽም ቤትሽ እዚህ አለ። እጅሽ የሚጽፈው ማንንም የማያስለቅስ ይሁን፤ እኔንም ካንቺ ጋር በደኅና ያገናኘኝ።

እናትሽ ባንችይርጋ