ለሚጢጢ፣ ስለ ጨለማው ቁስና ስለ አራተኛው ጎማ

ማክሰኞ፣ በወሩ 12ኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለሚጢጢዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ከቅዳሜ ጀምሮ ስልክ አላነሳሽም። አስራ አራት ጊዜ ደውያለሁ፣ ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ነው። እንዳልረሳ በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ አትሳቂብኝ።

1ኛ. የነገርሽኝን እንደገባኝ ልድገምልሽ። መጀመሪያ ዓለም ከየትም ወገን ቢያዩት እኩል ነበር። ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ እኩልነቱ ፈረሰ። ከዚያ መፍረስ የተረፈች አንዲት ቅንጣት አለች፣ አትታይም፣ ክብደቷ ግን ከዋክብቱን ሰብስቦ ይዟል፣ ጨለማ ቁስ የሚሉት እሷ ናት ብለሽ አሰላሽ። ይሄ ለጎሚስታ አይከብድም። ጎማ አንጠልጥዬ ሳሽከረክር ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ታች ይቆማል። ምኑ እንደከበደ በዓይኔ አላይም፣ እንዳለ ግን አውቃለሁ።

2ኛ. ሒሳብሽ ውስጥ አንዲት የመቀነስ ምልክት መደመር ሆና ተገኘች። ስትታረም ቅንጣትሽ ወዲያው ትፈርሳለች፣ እስከ ዛሬ አትቆይም። የሦስት ዓመት ልፋት። ጽሑፉ ደግሞ ዓርብ በአንቺና በመምህርሽ ስም ይወጣል፣ እሱ ስህተቱን አላየም። «ምን ላድርግ አባዬ?» ስትዪኝ «ዝም በይ፣ እሱ ካላየው ማን ያያል?» አልኩሽ። ስልኩን ዘጋሽብኝ።

3ኛ. ያን ስልሽ እጄ ሥራ ላይ ነበር። የአንዲት አስተማሪ መኪና ጎማዎችን ባላንስ አድርጌ እየገጠምኩ ነበር። ልማዴን ታውቂዋለሽ፣ የአንዱን ጎማ ብሎኖች ባጠበቅሁ ቁጥር ወረቀቴ ላይ ራይት አደርጋለሁ። አንቺን እያወራሁ አራተኛው ላይ ራይት አደረግሁ። መኪናዋ ከወጣች በኋላ ማጥበቄ ትዝ አላለኝም። ለባለ ጋራዡ ብነግረው ሳቀ።

«ዝም በል ሰውዬ፣ ወረቀቱ ራይት አለው። ቢወልቅስ እኛ መሆናችንን ማን ያያል?»

የራሴን አፍ ነው የሰማሁት።

መፍቻዬን ይዤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ዘበኛው ቤቷን ጠቆመኝ። ስደርስ ልጆቿን ጭና ሞተር አስነስታለች። እጄን ዘርግቼ መኪናው ፊት ቆምኩ። ከአምስቱ ብሎን ሦስቱ በጣት ይዞራሉ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ጮኸችብኝ፣ እውነቷን ነው። አጥብቄ ስነሳ ግን «ደክመዋል፣ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ።

4ኛ. ጋራዥ አትደውዪልኝ። ሴትዮዋ ትናንት መጥታ ባለ ጋራዡን አፋጠጠችው። እሱም «ትንሽ እረፍት ውሰድ» አለኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አላለም። የመፍቻ ሳጥንህን ግን ይዘህ ሂድ ብሏል። እናትሽ አላወቀችም፣ ዛሬም ምሳዬን ቋጥራ ሸኝታኛለች፤ አውቶቡስ ማቆሚያ ቁጭ ብዬ በላሁና እሷ ሥራ ስትሄድ ተመለስኩ።

ቁጥሩ የት ደረሰ? ይሁን። የቅዳሜውን ምክሬን ሰርዢው። ለመምህርሽ ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል፣ ሊያስወጣሽም ይችላል፣ ደህና ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ዝም ካልሽ ግን ያቺን ቅንጣት አምነው ስንት የሰው ልጆች ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ። ዓርብን አትጠብቂ። እኔም የሥራዬን ነገር እናትሽ ስትገባ እነግራታለሁ፣ ሳላዘገይ።

ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። አንደበትሽን ያበርታልሽ፣ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ

በሩ ላይ ቁልፍ እየዞረ ነው። መጣች።