ጭጋግ ውስጥ የቆመው አማካይ

መስከረም 28፣ ኮሶበር

ዛሬ ከጫግኒ የመጣውን አዲስ አማካይ ልናይ ኮሌጁ ሜዳ ሄድን። ጭጋጉ የወዲያኛውን ጎል ውጦታል። እኛ ደጋፊዎች እንደ ልማዳችን እንከራከራለን። አሰልጣኙ ጋሼ አያሌው በክረምቱ ከሞቱ ወዲህ ቡድኑን የያዘው ረዳታቸው ይሁኔ ነው። ይቀጥል ወይስ ሌላ ይምጣ የሚለውን ነገ በድምፅ እንወስናለን።

«ይሁኔ የልምምድ ኮን ለመደርደር ነው የተፈጠረ» አለ ባለሱቁ ሰይድ። እኔም ገና አልበሰለም ባይ ነበርኩ።

ይሁኔ «ወደፊት ውጣ!» እያለ ቢጮህም አዲሱ ልጅ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ተጠግተን ጠየቅነው።

«እዚህ ቁም ተብዬ ነው።»

«በማን?»

«ቀርከሃ በያዙት ሽማግሌ። አሁን ወደዚያ ሄዱ።»

ጋሼ አያሌው አማካዩ የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳዩት የቀርከሃ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር። ልጁ አንድም ቀን አይቷቸው አያውቅም። በትሩን ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብራቸው ራስጌ የተከልኩት እኔ ነኝ።

በልጁ እግር ስር ሣሩ ተበስቷል። ቀዳዳው አዲስ ነው።

«በሉ፣ አሰልጣኝ ተገኘ» አለ ሰይድ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

ይሁኔ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «እዚያው ይቁም» አለ። ልጁ ከዚያ ቦታ የላካቸው ኳሶች ሁሉ ሰው አገኙ።

ነገ ይሁኔ ይቀጥል እላለሁ። ወደ ቤት የሚቀርበኝ መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። በባጃጅ ዞሬ መጣሁ።