እጄን ካላነሳሁ

ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
በሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ዕድሜዬ

ውድ ልጄ፣ ድምቢጤ፤

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ማድረግ ፈርተሽ ይሆን? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ስለነሳኝ ብዕር አነሳሁ።

ግራ ጆሮሽ መስማት ካቆመ ወዲህ፣ ሐኪሙም «ቀኙን ከኃይለኛ ድምፅ ጠብቂው፤ እሱም ከሄደ አይመለስም» ካለሽ ወዲህ፣ በር ሲላተም እንኳ የምደነግጠው እኔ ነኝ። አንቺ ግን የሙዚቃሽን ድምፅ መጠን ለታዳሚው አስረከብሽው። ሁሉም በየስልኩ ላይ ጣቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስባል፤ ኮምፒውተርሽም የብዙኃኑን ፈቃድ ይፈጽማል። «እኔ ስጽፍ አንባቢ መሃል ገብቶ ቃል አይለውጥብኝም» ብልሽ፣ «ለዚህ ነዋ አባዬ፣ ብቻህን የምታወራው!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሳቅሽን ወደድኩት፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

ባለፈው እሑድ በትንሿ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ወጣቶቹ ወደ ላይ ይስባሉ፤ ወንበሩ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ በሽቦና በመብራት መካከል ትወዛወዣለሽ። እኔ ብቻዬን ወደ ታች እስባለሁ። አጠገቤ የነበረችው ባለ ትልልቅ ጉትቻ ልጅ ስልኬን አየት አድርጋ፣

«አባባ፣ ገልብጠው ይዘውት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አልገለበጥኩም። ልጄ ናት። የቀራት አንድ ጆሮ ነው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ውይ፣ በሞትኩት!» አለችና ወደ ጎረቤቷ ጎንበስ አለች፤ እሱም ወደሚቀጥለው። ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር ሲሄድ ጣቶች ሁሉ ወደ ታች ዞሩ። ልኩን ግን ማንም አላወቀውም፤ ሁሉም እስከ ጥግ ሳበው። ድምፁ ሳሳ፣ ሳሳና ጭራሽ ጠፋ። ሰዉም ትንፋሹን ዋጠ።

ያኔ እጅሽ ወደ ቀኝ ጆሮሽ ሄደ። ፊትሽ አመድ መሰለ። ሕፃን ሳለሽ ገበያ መሃል እጄን ለቀሽ ጠፍተሽ ሳገኝሽ ያየሁት ፊት ነው። ደግነቱ ሰዎች ደንግጠው መልሰው ወደ ላይ ሳቡና ሙዚቃው ተመለሰ።

በር ላይ ስታቅፊኝ፣ «ለአፍታ ጨርሶ ጠፋብኝ አባዬ። ለማንም እንዳትናገር» አልሽኝ። የሆነውን ሳልነግርሽ የሚወስድሽ መኪና ክላክስ አደረገ፤ ሮጥሽ።

እንግዲህ ስሚኝ፤ ያን ዕለት ጆሮሽ አልከዳሽም። ድምፁን ያጠፋነው እኛ ነን፤ ስለ ፈራንልሽ።

ይህን አውቀሽም ቢሆን መድረኩን እንደማትተዪ አውቃለሁ። ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ ስትጫወቺ ፊት ወንበር ላይ ታገኚኛለሽ። የእኔ ጆሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ ይሻላል። ድምፅ የጠፋ ሲመስልሽ ዓይንሽን ግለጪና እኔን እይኝ። ሁለት እጄን ካነሳሁ፣ ለእኔም ጠፍቷል፤ ሕዝቡ አውርዶት ነውና አትፍሪ።

እጄን ካላነሳሁ ግን ሙዚቃው አለ፤ እኔም እየሰማሁት ነው። ያኔ የመድረኩን ደረጃ ወጥቼ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እጅሽን እይዛለሁ።

አባትሽ

ፖስታውን አሽጌ፣ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ለሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር ዛሬውኑ በእጁ ሰጥቼ እልከዋለሁ።