ያልመረረው ሽሮፕ

ቀጮ፣

እናቴን ወንድሜ ቤት እየወሰድኳት ነው።

ጠዋት የሕመም ማስታገሻዋን ሰጥቻት ማንኪያው ላይ የቀረችውን ጠብታ ላስኳት። አልመረረኝም። ውሃ ነው። አብረን በምንኖርበት ቤት ያንን ጠርሙስ ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን ይነካዋል?

"ልጄ፣ መድኃኒቱ ምንም አልሠራልኝ" ስትለኝ ነው የሰነበተችው። እኔ "ቻል አድርጊው እንጂ እማ" እላታለሁ። አንቺ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ እግሯን ታሺላት ነበር። እያወቅሽ! እጄን አመድ አፋሽ አደረግሽው።

ለወገብ ሕመምሽ ብለሽ በአንድ ማንኪያ እንደጀመርሽው ይገባኛል። አሁን ያለሱ መቆም አቅቶሻል።

ስሚ፣ ብቻሽን በአንዴ ለማቆም አትሞክሪ፤ ያንቀጠቅጥሻል፣ መልሶም ይጥልሻል። ከመጠጥ ጋርማ ወዮልሽ፤ እንደተኛሽ ትንፋሽሽ ይቆማል። ክሊኒክ ለምትሠራው አክስቴ ነግሬያታለሁ። ነገ ትጠብቅሻለች፤ እሷ አትቆጣሽም።

እኔ ግን...
ይቅር።

የጋዙ ማጥፊያ ላልቷል፤ ጠበቅ አድርጊው።

ለእናቴ "ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነው" ብያታለሁ። አሁን በሩን ተደግፋ እያቃሰተች "ለዚያች ልጅ ምሳ አስቀመጥሽላት?" ትለኛለች።

ድስቱ ውስጥ አለልሽ።