ብርቱካንማ አበባ ለመልሱ ቀን

ኅዳር 4
ግቢውን ቆፈርኩ። ልጄ ሰላም ጥር ላይ ታገባለች፤ መልሱ እዚሁ ቀሐ፣ ቤታችን ነው። ግቢው ግን ከአንድ የቆየ ቀይ ጽጌረዳ በቀር ነጭ አበባ ብቻ… ባለቤቴ ካሣዬ ካረፈ ወዲህ ሌላ ቀለም ተክዬ አላውቅም። የተዋስኩት መጽሐፍ ብርቱካንማ የጨለመ ጥግ ያሞቃል ይላል። እውነት ይሆን?

ኅዳር 9
ከትክል ድንጋይ መንገድ ዳር ራስ ክምር ነቅዬ መጣሁ። ያን በግንዱ ዙሪያ እየተከመረ ብርቱካንማ የሚያብበውን። ከቀዩ ጽጌረዳ አጠገብ ተከልኩት። ጎረቤቴ አያ በላቸው በአጥር ላይ አዩኝ።
"ምነው እቴነሽ፣ አረም ከሩቅ ይመጣል እንዴ?"
"ለሠርግ ነው አያ።"
"እንግዲያማ ሰርዶውም ይጠራ!"

ታኅሣሥ 12
ራስ ክምሩ አበበ። ሲያስጠላ! ቀዩና ብርቱካንማው ተጣሉ፤ ዓይን ማረፊያ የለውም። መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩ… በመሃል ነጭ፣ ከጎን ሰማያዊ። ቸኩዬ ዘልዬው ነበር።

ታኅሣሥ 19
ጽጌረዳውን ወደ በሩ አዛወርኩ። ከችግኝ ሻጩ ከአቶ ነጋ ሰማያዊ አበባ አመጣሁ። ብርቱካንማው አሁን ገና በራ።

ጥር 6
ሰላም ብርቱካንማ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ አመጣችልኝ።
"ለመልሱ ነው እማዬ። ከሉ ይበቃል።"
ካሣዬ ከሞተ ጀምሮ ጥቁር እንደለበስኩ ነኝ። "መጽሐፉ እኮ ጥቁር ቅጠል ብርቱካንማን ያደምቃል ይላል" ብላት…
"አንቺ ቅጠል ነሽ እንዴ?"
ሳቅን። ከዚያ ቀሚሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ የልቤን ተነፈስኩ።
"ያን ቀን አባትሽን ሐኪም ቤት ትቼው ባልወጣ… ትንሽ ልረፍ ብዬ፣ ብቻውን…"
"ብቻውን? እጁን የያዝኩት ማን ሆነና? እኔ ሰው አልነበርኩም?"
ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ አለመኖሬን ሳስብ… እሷ እዚያ መኖሯን አላሰብኩም።

ጥር 7
ቀሚሱ ወንበር ላይ ነው። አልነካሁትም።

ጥር 22
መልሱ ዛሬ ነበር። ሰላም ከባሏ ጋር ገባች፤ ያን ሁሉ የለፋሁበትን አበባ ዞር ብላ አላየችውም። እኔን ነው ያየችው፣ ነጩን ቀሚስ ለብሼ።
"አበባውስ?" አልኳት።
"ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺን ልይሽ።"
እንግዳው ሲቀንስ ጓዳ ጠራኋት። ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት… አባትሽ መጨረሻ ላይ ምን አለ?
አጠገቤ ቁጭ አለች።
"'እናትሽስ?' አለኝ። 'ልታርፍ ሄዳለች' አልኩት።"
"እሱስ?"
"'ሸጋ' አለ። 'ትረፍ።'"